አዲስ ዘርና ነባር ዘር፤ በስታትስቲክስ መላምትን ስለ መምረጥ



በስታትስቲክስ ትምህርት ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ሒሳቡ ሳይሆን መነሻው ነው፤ ይኸውም ከሁለት መላምቶች የትኛው «ናል»፥ የትኛው አማራጭ እንደሚባል መለየት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከአገራችን ከላስታ ምሳሌ ወስደን ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን።

በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ «ይህ የገብስ ዘር ከነባሩ ይበልጣል» ቢባል ነባሩን ወዲያው አይጥልም፤ የዓመት ቀለቡ ነውና ማስረጃ ይጠይቃል። ዳኛም ከሳሽ ሳያስረዳ ተከሳሽን አይቀጣም። የ«ናል» መላምት እንደ ተከሳሹ ነው። ስለዚህ «አዲሱ ዘር ከነባሩ አይበልጥም» የሚለው «ናል»፥ «ይበልጣል» የሚለው አማራጭ ይሆናል። የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው አዲስ ነገር አመጣሁ ባዩ ላይ ነው።

እስቲ ሁለቱን ዘሮች በ8 ማሳዎች ጎን ለጎን እንዝራ፤ የየማሳው እኩሌታ ለየትኛው ዘር እንደሚሆን ዕጣ ይወስን። በዘሮቹ መካከል ልዩነት ከሌለ፥ አዲሱ በአንድ ማሳ የማሸነፍ ዕድሉ ሳንቲም እንደ መጣል ነው። በ8ቱም ቢያሸንፍ፥ ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ256 አንድ ጊዜ ብቻ ነውና «ናል»ን እንጥላለን። በ6 ወይም ከዚያ በሚበልጡ ማሳዎች የማሸነፍ ዕድል ግን ከ256 ውስጥ 37፥ ማለት ከመቶ 14 ያህል ነው። በተለመደው ከመቶ 5 ወሰን ይህ «ናል»ን ለመጣል አይበቃም። ይህም ሲባል ዘሮቹ እኩል መሆናቸው ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ብልጫው ገና አልተረዳም ማለት ነው።

ሁለቱም መላምቶች እህሉ አውድማ ሳይገባ ይጻፉ። ምርቱን አይቶ አማራጭን መምረጥ ፈረሶቹ ከደረሱ በኋላ አሸናፊውን እንደ መተንበይ ይቆጠራል።

ይህ ጥበብ ከገብስ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት፥ በ1908 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ስለ ጥቂት ናሙናዎች ያገኘውን ዘዴ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። «ናል» የሚለውን መጠሪያ ደግሞ ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ አስገባው።

ይሁን እንጂ «ምንም አዲስ ነገር የለም» ማለት ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም። የወሎ ረሃብ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ሲታይ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር። «የዘንድሮ ዝናብ ከወትሮው አያንስም» የሚለውን «ናል» አድርገን ብንይዝ፥ በከንቱ ብንደነግጥ የምናጣው ገንዘብ ነው፤ ዝም ብለን ብንሳሳት ግን የምናጣው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ የከመቶ 5ን ወሰን አስቀድሞ ማስፋት ይገባል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ጥያቄ ሲቀርብልን እርሳስ ከማንሳታችን በፊት «የሚያስረዳው ማን ነው? ብንሳሳትስ የሚጎዳው ማን ነው?» እንበል።