ስትሮክ፣ ሰዓትና የክስ ነገር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በመዝገባችን የሟች ስም፣ የተቀበረበት ቀንና የወጣው ገንዘብ ሳንቲም ሳይጎድል ተጽፏል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ግን የትም አይገኝም። ይህ ጉዳይ ያሳሰበን የአንድ አባላችን ልጆች ምክር ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ነው። አባታቸው አንድ ጠዋት አፋቸው ጠመም፣ ቀኝ እጃቸውም ዝል አለባቸው። ግማሹ ሰው ምች ነው አለ፣ ግማሹ ሌላ ነገር አለ። ከአንድ የሕክምና ቤት ቢደርሱም ብዙ ተቀምጠው ማስታገሻ ተሰጣቸውና «ይረፉ» ተብለው ተመለሱ። በማግሥቱ አንደበታቸው ተዘጋ፣ ሳምንትም አልቆዩ።

ልጆቹ ክስ እንመሥርት አሉ። እኛም በመዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች ነንና የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» የሚል ሆነ። አንዱ ከቡና በፊት ነው ሲል ሌላው ከቡና በኋላ ነው አለ። ስንት ሰዓት ደረሳችሁ? አይታወቅም። ማን አያቸው? ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ። ካርዱስ? እዚያው ቀረ። ታዲያ በዚህ ምን ዓይነት ክስ ይጻፋል?

ስትሮክ የሚባለው በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፤ ሁለተኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ ሲቲ ስካን የሚባል የራስ ምርመራ ያስፈልጋል። ለረጋው ደም ማሟሚያ መርፌ አለው፤ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ነው። ቆጠራውም የሚጀምረው ሕመምተኛው ደኅና ሆኖ ከታየበት ከመጨረሻው ጊዜ እንጂ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም። ደም ለሚፈስሰው ሰው ያው መርፌ ገዳይ ነውና ሳይመረምር አልወጋም ያለ ሐኪም አላጠፋም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። መርፌው በአገራችን የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የተከሳሽ ጠበቃ «በሰዓቱ ቢታወቅስ ምን ይደረግ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከሳሽ መዘግየቱን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ በመዘግየቱ መድረሱን ማስረዳት አለበት፤ ክሱ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ሆኖም መርፌ የለም ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። የደም ግፊት መለካት፣ ስኳር ማየት (የስኳር መውረድ ስትሮክ ሊመስል ይችላልና)፣ መዋጥ መቻሉን ሳያረጋግጡ በአፍ አለመስጠት፣ ወደሚችል ሆስፒታል ቶሎ መላክ፤ ይሄ ሁሉ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። በእኛ አስተያየት ይህን ያልሠራ ተቋም በመሣሪያ እጦት ማመካኘት የለበትም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ቁጥር 2651 ሆስፒታሉ ለሐኪሙና ለረዳቶቹ ጥፋት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ቁጥር 2095 ደግሞ ሰው ሲሞት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ካሣ መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ በቁጥር 2143 መሠረት የ2 ዓመት ይርጋ አለበት፤ ይህንን አደራ እንዳትረሱ፣ ተዝካር ስናስብ፣ ሽማግሌ ስንልክ ሁለት ዓመት እንደ ጥላ ያልፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር ባለ ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ያከብደዋል። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል፤ ኮሚቴው ግን የሙያውን ጥፋት ይመረምራል እንጂ ካሣ አያስከፍልም። ሁለቱን መንገድ የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው።

ሕጉ ተበዳዩ ራሱ ያጠፋው ካለም ያያል። ስለሆነም ጸበሉም ዱዓውም ይሁን፤ ነገር ግን አፍ ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲንተባተብ መጀመሪያ ወደ ሐኪም እንሂድ። አንድ ሰው ሰዓቱን ይጻፍ፦ ደኅና የታየበትን፣ ከቤት የወጣበትን፣ የደረሰበትን፣ ሐኪም ያየበትን። የመርማሪውን ስም ይጠይቅ፣ የካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ያመልክት።

ሌላው የቃሬዛው ጉዳይ ነው። በጀጎል ውስጥ ባለው ጠባብ መንገድ መኪና እስከ ደጅ አይገባም፤ በሽተኛው በሰው ትከሻ እስኪወጣ ጊዜው ይሄዳል። ዕድራችን ቃሬዛ አለው፤ የሚወጣው ግን ለሬሳ ብቻ ነው። ለሕያው ማውጣት ሟርት ነው ያሉን አባቶች አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ግን አልተስማማንም። ኮሚቴው ለበሽተኛ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቃሬዛ እንዲገዛ ወስኗል። ከድንኳኑ ጋር ይቀመጣል፤ ደብተርና እርሳስም ታስሮበታል። ቁልፉ በንብረት ክፍሉ ዘንድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ይንኳኳ።