ወደ ደሴት ደርሶ መልስ



ከመርካቶ ተነሥተን፥ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችውን የቱሉ ጉዶን ደሴት አይተን በዕለቱ ለመመለስ ብናስብ፥ ዕቅዳችንን ከመመለሻው መጀመር ይገባናል። ባቱ (ዝዋይ) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፥ ቆሎና ውሃ ይዘን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሐይቁን ያናውጠዋልና፥ ከባለ ጀልባው ጋር የመመለሻውንም ሰዓት እንዋዋል፤ የዋጋውን እኩሌታ ስንመለስ እንክፈል።

በደሴቲቱ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ በዚያ እንደ ተቀመጠች ይነገራል። ይህን ከዛይ ሽማግሎች ተረጋግቶ ለመስማት የሚችለው ሰዓቱን አስቀድሞ የቈጠረ ነው። እናቶቻችንም በር በር ሳያዩ ከደረስን፥ ለሁለተኛው ጉዞ ፈቃድ አይነፍጉንም።