መሣሪያው ይቁም፣ ተማሪው ይጠይቅ
(በጭሮ ከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በምዕራብ ሐረርጌ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ የማስተማሪያ መሣሪያ ለመግዛት መነሣሣታችሁ ያስደስታል። ነገር ግን ከመግዛታችን በፊት አገራችን ያለፈችበትን እናስታውስ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው ችግር ፈቺ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው ማለት ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ የኬሚስትሪንና የፊዚክስን ሙከራ በዓይኑ አየ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ስርጭቱ አንዴ ከጀመረ መምህሩ ሊያቆመው አይችልም ነበር። ለእርሱ የቀረችው በመግቢያና በመዝጊያ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ የገለምሶ ወይም የሂርና ልጅ ገና ቃሉን ሲፈታ ሥዕሉ ያልፈዋል። ጥያቄው ይቀርባል፤ ልጁ ሳያስብበት መልሱ ይከተላል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ጉድለቱ ከመሣሪያው ይልቅ መምህሩንና የተማሪውን ጥያቄ ከሥራ ውጭ ማድረጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ«አንድ ለአምስት» ቡድንም እንዲሁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ነገር ግን አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ሌሎቹ ከቀዱ ድሩ አላበረም፤ ክሩ ያው አንድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መምህሩ በፈለገበት ቦታ ሊያቆመውና ሊመልሰው የሚችል የተቀረጸ ትምህርት ይመረጥ፤ ዛሬ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ይህን ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ምስሉ በቆመ ጊዜ ልጆቹ «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይወያዩበት፤ መልሱን ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ሦስተኛ፣ የቡድኑን መልስ የሚያቀርበው በየተራ ይሁን፤ ዝም ባይዋ ልጅም ተራዋ ይድረሳት።

ይህ ሁሉ የመምህሩን ዝግጅት ይጠይቃልና ከምትሰጡት ገንዘብ ከፊሉ ለመምህራን ሥልጠና ይዋል። በዓመቱ መጨረሻም «ስንት ኮምፒውተር ገዛችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትተዉን። «ስንት ልጅ ቆሞ ጠየቀ?» ብላችሁም ያዙን።