ስለ ብረት ቱቦ መጉበጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በንባብ ክፍላችን የቆመውን የመጻሕፍት መደርደሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በተማሪው መዋጮ የሠራነው እኛ ነን፤ መጻሕፍቱ ተደርድረው ሳያልቁ ወገቡ መጉበጡንም የምናምነው እኛው ነን። ዛሬ የቆምነው ስሕተታችንን ለመሸፈን ሳይሆን፥ ሌላ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

የገዛነው ቱቦላሬ ጎኑ 40 በ40፥ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ነው። ከእግር እስከ እግር ያለው ርቀት 3 ሜትር ነው። ጣውላውን የሚሸከሙት ሁለት ቱቦዎች ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ጨምሮ በሜትር 32 ኪሎ ያህል ያርፍበታል። በጊዜው ያሰላነው ቱቦው ይሰበራል ወይስ አይሰበርም የሚለውን ብቻ ነበር። ውጥረቱ በካሬ ሚሊሜትር ወደ 100 ኒውተን ሆነ፤ ተራው የግንባታ ብረት እስከ 235 ስለሚችል፥ ይበቃል ብለን ተደሰትን። ዳሩ ግን አለመሰበር ሌላ፥ አለመጉበጥ ሌላ ነው። ጉብጠቱን አስልተን ቢሆን ኖሮ 23 ሚሊሜትር ያህል እንደሚሆን ባወቅን ነበር። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ግን ከርዝመቱ ከ300 አንድ እጅ፥ ይኸውም ለ3 ሜትር 10 ሚሊሜትር ነው።

አሁን አንዳንድ ወንድሞች ወፍራም ብረት ይገዛ ይላሉ። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም፥ ሒሳቡ አይደግፈውም። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ጉብጠቱ ወደ 17 ብቻ ይወርዳል፤ ብረቱ ግን በሜትር ከ2.4 ወደ 3.5 ኪሎ ይከብዳል። በዚህ ፈንታ 60 በ40 የሆነ ባለ 2 ሚሊሜትር ቱቦ፥ ሰፊው ጎኑ ቆሞ ቢገጠም፥ በሜትር 3 ኪሎ እየመዘነ ጉብጠቱ ወደ 9 ይወርዳል። ያንኑ ቱቦ በጎኑ ብናስተኛው ግን እንደ ገና ወደ 17 እንመለሳለን። ጠንካራ ብረት መምረጥም አያድንም፤ ቶሎ ባይሰበርም እንደ ተራው ብረት ይጎብጣልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ርቀቱ ነው። በሜትር የሚያርፈው ክብደት ሳይለወጥ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ፥ ጉብጠቱ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቱቦ መካከል አንድ እግር ብንጨምር፥ 23ቱ ሚሊሜትር ከ1.5 በታች ይሆናል።

ደግነቱ፥ ውጥረቱ ከብረቱ አቅም በታች ስለ ሆነ፥ መጻሕፍቱ ሲወርዱ ቱቦው ተመልሶ ይቀናል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ መደርደሪያ ሳይሆን፥ ሁለት እግሮችና የግማሽ ቀን ብየዳ ብቻ ነው። አደራ፥ መጻሕፍቱ በቅድሚያ ይውረዱ፤ እንደ ጎበጠ ከተበየደ እንደ ጎበጠ ይቀራል። የእግሮቹም ጫፍ ወለሉን እንዳይወጋ ከሥሩ ላሜራ ይደረግለት።

አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ለወደፊቱ የጋራ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት፥ «ይሰበራል ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል ይጎብጣል?» ብለንም እንጠይቅ። ይህን ለመማር አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃን ነበር።