ከአባይ በረሃ እስከ ቧሂት

(በ1991 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን 20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "በጥቅምት ስለሄዳችሁበት ጉዞ ትንሽ ንገሪን" ብለውኛል። ፎቶውን ሁላችሁም በቴሌግራም አይታችሁታል። ዘጠኝ ሐኪም በቧሂት ዳገት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ይስቃል። ፎቶው ከተነሳ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆነውን ግን ማናችንም አልላክንላችሁም። ዛሬ የምናገረው እሱን ነው። ባለጉዳዩ በስልክ ፈቅዶልኛል። ስሙን አልጠራም፤ "ሯጩ" ካልኩ ለክፍላችን ልጆች ይበቃል። (ሳቅ)

ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ይሄን ቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። ጎንደር ስንማር ለቡድን ሥልጠና ደባርቅ ተመድቤ ሳምንታት ተቀምጫለሁ። ጠዋት ጠዋት ከጤና ጣቢያው በር ላይ ሆኜ ተራራውን አየዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልወጣው ተመረቅኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለውጭ አገር እንግዳ "ስሜንን ሳታይ እንዳትመለስ" ስል ኖሬ እኔ አላየሁትም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን መሰለኝ።

ሯጩ ደግሞ ከ15 ዓመት በኋላ ነበር አገሩን የረገጠው። የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ገባ፣ ሰኞ ንጋት ላይ በሚኒባስ ተነሳን።

ወሩ ጥቅምት ነበር። እኛ ዝናቡ ካቆመ ሁሉንም "በጋ" እንለዋለን እንጂ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ስሙ መጸው ነው፤ ለዚያ መንገድ ከሱ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ሰማዩ ታጥቧል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ከሰላሌ ሜዳ ዳር አደይ አበባ አልረገፈም። ከዚያ ጎሃ ጽዮን ትደርሳላችሁ፤ ሜዳው ድንገት ያልቃል። አባይ በረሃ።

በአውቶቡስ ለኮሌጅ ስንመላለስ ያን ገደል አይተነዋል ለማለት ይከብደኛል። እንደምታስታውሱት ግማሻችን እናስታውክ ነበር፣ ግማሻችን እንጸልያለን። አሁን ግን ቆም እያልን ወረድን። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። መንገዱ በተጠመዘዘ ቁጥር ግድግዳው ይለወጣል፤ ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሱ በታች የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጄሶው፣ ታች ደግሞ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። ወንዙ በሚሊዮኖች ዓመታት ቆርጦ ያወጣው ነው። አንዱ የቀዶ ሕክምና ሰው "እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅድ አይቼ አላውቅም" አለ። ፍልቅልቅ ላይ ሹራባችንን አወለቅን፣ ወንዙ ዳር ስንደርስ ላብ በላብ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ድልድይ በገመዶቹ ተወጥሮ ቆሟል፤ አሮጌው ከጎኑ አለ። ከሥራቸው አባይ የክረምቱን አፈር እንደተሸከመ ነው፣ ቀለሙ ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። ሯጩ አሮጌውን ድልድይ አይቶ ዝም አለ። "በዚህ ነው የሄድኩት" ብቻ አለ። እኛም ዝም አልን።

በደጀን በኩል ወጥተን ባሕር ዳር አደርን፣ ማግሰኞ ጎንደር። እሮብ ጠዋት ደባርቅ ደረስንና ፈቃድ አውጥተን፣ ስካውትና በቅሎ ተከራይተን ፓርኩ ውስጥ ገባን።

ከደባርቅ ስንወጣ ሾፌራችን የቅዱስ ያሬድን ነገር ነገረን። ከስሜን ጫፎች አንዱ በስሙ ይጠራል። ትውፊቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም እየፈሰሰ ዘማሪውም አልተሰማውም፣ ሰሚውም አላየም። ዜማው ሲያልቅ ነው ሁለቱም የደነገጡት። ንጉሡ ካሣ ጠይቀኝ ሲለው ያሬድ ወደ ስሜን ሄጄ በምናኔ ልኑር አለ። ሾፌሩ ሲጨርስ አንዳችን "ቁስሉን ማን አሠረለት?" ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪም ተሰብስቦ ሌላ ምን ይጠይቃል!

ሳንቃበርን አልፈን ጅንባር ፏፏቴ ጋ ወረድን። አስታው መሃል ለመሃል ትሄዱና የገደል አፍ ላይ ትወጣላችሁ። ከማዶ ውሃው ከሜዳ ላይ ተነስቶ ወደ ጥልቁ ይወረወራል፣ ወርዶ ወርዶ ጭስ ይሆናል። በጥር የሄደ ሰው ያን ውሃ እንዲህ ሞልቶ አያየውም። ጭላዶቹ ሣር እየነጩ በመካከላችን ያልፋሉ፤ ከቁም ነገር አይቆጥሩንም። ጨነቅ ስንደርስ ማታ ሆኗል፤ ከገደሉ ጠርዝ አንድ ዋልያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ቁልቁል ያያል። ከሱ ኋላ ጅብራው እንደ ሰው ቆሟል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ በኋላ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ፣ የወጣው በ2009 ነው። ያን ዋልያ ሳየው ልቤ ሞላ።

እዚህ ላይ ቁጥር ልናገር። ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም ነው። ጨነቅ 3,620 ነው። በአንድ ሌሊት ልዩነት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍ ብለን ተኛን። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ የሚለውን እኔ ለተማሪዎች አስተምራለሁ! ግን ሰው ፈቃድ ያገኘው ለአምስት ቀን ነው፤ ሳንቃበር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ ሌሊት ብል ቧሂት ይቀራል። መኪና እስከ ጨነቅ ይገባል፤ ስለዚህ በመኪና ገባን። እኛ አዲስ አበባና ሐዋሳ የምንኖረው ትንሽ ለምደነዋል። ሯጩ ግን ከአምስት ቀን በፊት ባሕር ወለል ላይ ነበር።

ማታ ራት አልበላም። "እንጀራው አልጣመኝም" አለ። ራሱን ይዟል። "መንገዱ ነው" አልኩት፣ ሁለት ፓራሲታሞል ሰጠሁት። ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ በከፍታ ላይ፣ በመጀመሪያው ሌሊት። ይሄን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ብታወጡት የሚስተው የለም። ኦክሲሜትር ነበረኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ። አላወጣሁትም። ለምን እንዳላወጣሁት ብዙ አስቤበታለሁ። ባወጣው ቁጥሩን አያለሁ፤ ቁጥሩን ካየሁ ነገ መቅረት አለ። ቧሂትን ፈልጌው ነበር። ደግሞ እሱ ሯጩ ነው፤ በተማሪነታችን ጎሃ ኮረብታን በሩጫ ወጥቶ ለቁርስ የሚደርስ። የአካል ብቃት ለዚህ ሕመም መከላከያ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ እንደሚመታ አውቃለሁ። አውቃለሁ እንግዲህ።

ጠዋት "ደህና ነኝ" አለ። ሁላችንም ማመን ፈልገን ስለነበር አመንን። ፎቶው ያኔ የተነሳ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የጃኬቱ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ዘልሏል።

ባለበቅሎው ስልሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን በአንገታቸው የጠመጠሙ ሰው ናቸው። ከኋላ ሆነው የሯጩን እግር ሲያዩ ቆይተዋል። ወደ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ስንጠጋ ፈጠን ብለው ደረሱብኝና በቀስታ፣

"እታለም፣ ይሄ ልጅ ጠጥቷል እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አልጠጣም፣ አባቴ።"

"ዱላው ሁለት ጊዜ ወደቀበት፣ አላወቀም። እንግዲያው ደጋው ይዞታል። ይውረድ።"

ጫፉ ይታያል። "ትንሽ እንረፍና እናያለን" አልኳቸው። አረፍን፣ ከዚያ ሄድን። ሃያ ደቂቃ። ያቺን ሃያ ደቂቃ ነው ለናንተ ልነግራችሁ የመጣሁት፤ ለባሌ እንኳ የነገርኩት በቅርቡ ነው።

ከዚያ ሯጩ ቁጭ አለና ተኛ። ተረከዝ ከጣት እያገናኘህ በመስመር ሂድ አልኩት፤ በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ተዘረረ። መቼ ነው የተመረቅነው ስለው "ጎንደር" አለኝ። ድጋሚ ስጠይቀው "ጎንደር"። ኦክሲሜትሩ 66 አለ። ጣቱ ስለበረደ ይሆናል ብዬ አሸሁት፣ በሌላ ጣት ሞከርኩ፤ 67። መሣሪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ባለበቅሎውን "ጣትዎን ያውሱኝ" አልኳቸው። 91።

"ስንት አመጣሁ?" አሉ።

"91።"

"እሱስ?"

"66።"

"ወደቀ በይኛ" አሉና በቅሎውን ማዞር ጀመሩ።

የእሳቸው ቁጥር ድንገት አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እዚያው ስሜን አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር፣ 236 ነዋሪዎችን መርምረው አማካይ የኦክሲጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ወለል ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ አግኝተውታል። ከአንዲስም ከቲቤትም ሕዝብ የተለየ ነው። ጥናቱን በጆርናል ክለብ አቅርቤዋለሁ፣ በጥሩ ስላይድ። ጥናቱ የተሠራባቸው ሰዎች ልጅ፣ ወይም ጎረቤት፣ አጠገቤ ቆሞ "ይውረድ" ሲለኝ ግን አልሰማሁም።

ሳንባውን ላዳምጥ ብል ስቴቶስኮፕ የለም። ዘጠኝ ሐኪም! ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጠፍኩ፤ የምሰማው ነፋሱን ነው። ደግነቱ የሰመመን ሐኪማችን ዴክሳሜታሶን ይዛ ነበር፣ 8 ሚሊግራም ወጋችው። ኦክሲጅን የለንም። የቀረው መድኃኒት መውረድ ብቻ ነው። በቅሎ ላይ ጫንነው፤ ቁልቁለቱ ሲብስ በቅሎዋም ትፈራለች፣ አውርደን በሁለት ሰው ትከሻ እናስኬደዋለን፣ እንደገና እንጭነዋለን። ስካውቱ ጠመንጃውን ለእኔ ሰጥቶኝ እሱን ደገፈው። ማዶ የመሸሃ ሸለቆ፣ ከሱ በላይ ራስ ደጀን፣ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀና ብዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው።

ጨነቅ ደርሰን መኪና ውስጥ አስገባነው። ሳንቃበር አካባቢ ውሃ ጠየቀ። ደባርቅ ስንገባ 88 ነበር፣ ስሜን ጠራ፣ ሙሉ ስሜን፣ በተማሪነቴ ቅጽል ስም ሁሉ ሳይቀር። ማታውን ጎንደር ሆስፒታል አደረ፣ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ከአልጋው ላይ ሆኖ የነገረኝን ልንገራችሁ፦ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ አስታውኮ ነበር። ማንንም አልቀሰቀሰም። "15 ዓመት ቆይቼ መጥቼ፣ እኔ ሯጩ፣ ደከመኝ ልበላችሁ?" አለኝ። እኔም ኦክሲሜትሩ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበረ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ጦሩ ለካ አንቺ ጋ ነበር" አለኝና ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ባለበቅሎውን ደባርቅ ላይ ስንሰናበታቸው ከተዋዋልነው በላይ ልንሰጣቸው ብንል የአንድ ቀን ሂሳብ ቀንሰው መለሱልን፤ "አልወጣችሁማ" ብለው።

የሚመጣው ጥቅምት እንደገና እንሄዳለን። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለት ሌሊት ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ። ስምንት ቀን ይፈጃል፤ ስምንት ቀን ፈቃድ የማታገኙ አባይ በረሃን አብራችሁን አይታችሁ ባሕር ዳር ትቀራላችሁ፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ሯጩ ይመጣል፣ አዲስ አበባ አስቀድሞ አንድ ሳምንት ይቀመጣል። ባለበቅሎው በስልክ "እሱ ልጅ ከኔ ኋላ ነው የሚሄደው" ብለዋል። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኦክሲሜትሩን እኔ እይዛለሁ፣ በአንገቴ አንጠልጥዬ። ስቴቶስኮፕ ግን እባካችሁ አንድ ሰው ይያዝ።