ባያስ ምንድን ነው? የጊታር ድምፅ ማጉያ ቫልቮች አያያዝ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጊታር ድምፅ ማጉያ፣ በተለይም በውስጡ ስለሚገኙት የመስታወት ቫልቮች ነው። ከመካከላችሁ ጊታር የሚጫወት አለ፤ ለሠርግና ለበዓል መሣሪያ የሚያከራይ አለ፤ የሬዲዮ ጥገና የጀመረም አይጠፋም። እኛ በጥገናው በኩል ያለን ሰዎች የምንናገረው ለሦስታችሁም ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንናገር።

ብዙ ሰው «ቫልቭ እኮ ድሮ ቀርቷል» ይላል። በሬዲዮ በኩል እውነቱን ነው። ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ከሬዲዮ ውስጥ ቀስ በቀስ ወጥቷል። በጊታር ማጉያ ግን ዛሬም አለ። የአሜሪካው ፌንደር፣ የእንግሊዞቹ ማርሻልና ቮክስ የታወቁት በቫልቭ ድምፃቸው ነው። እንዲያውም በ1962 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የማርሻል ማጉያ ሲሠራ መነሻ የሆነው የፌንደር ቤዝማን ነበር። ታዲያ ዛሬ ቫልቭ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ በዋናነት የሚገኙትም በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። ስለዚህ ቫልቭ ውድ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። አዲስ ጥንድ ቫልቭ ተገዝቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲቃጠል ባለቤቱ ሻጩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሻጩ አይደለም፤ ባያሱን ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በመካከሉ የምትግል ክር አለች። ክሯ ካቶድ የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ታሞቃለች። ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ይለቃል። በዙሪያው ፕሌት የሚባል የብረት ግድግዳ ቆሟል፤ በእርሱ ላይ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ፖዘቲቭ ኃይል ስላለ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ወንፊት የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ስሙ ግሪድ ይባላል። በ1904 እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ የሠራው ቫልቭ ግሪድ አልነበረውም፤ ድምፅም ማጉላት አይችልም ነበር። ግሪዱን በ1906 የጨመረው አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ነው። በትልልቆቹ ቫልቮች ውስጥ ሌላም ወንፊት ይጨመራል፤ ለዛሬው እንለፈው።

አሁን የመስኖ ቦይ አስቡ። ወንዙ ካቶድ ነው፤ ማሳው ፕሌት ነው፤ በቦዩ አፍ ላይ ያለችው መዝጊያ ግሪድ ናት። መዝጊያዋን በትንሽ ጉልበት ከፍና ዝቅ ብታደርጓት ብዙ ውሃ ይታዘዝላችኋል። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ምልክት የሚሠራው ይኸንኑ ነው። መዝጊያዋን ያወዛውዛል፤ ብዙው ፍሰት ደግሞ እርሱን ተከትሎ ይወዛወዛል። ድምፅ ጎላ የምንለው ይህ ነው።

ጊታሩ ዝም ሲልስ መዝጊያዋ የት ላይ መቆም አለባት? የባያስ ጥያቄ ይኸው ነው። ግሪዱ ላይ ኔጌቲቭ ቮልት እንሰጣለን። ኤሌክትሮን ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ፤ ፍሰቱም ይቀንሳል። ማንም ሳይጫወት በቫልቩ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት እኛ የዕረፍት ፍሰት እንለዋለን። እዚህ ላይ ጀማሪውን ሁሉ የሚያደናግር ነገር አለ፤ ኔጌቲቩ ሲበዛ ፍሰቱ ያንሳል፣ ኔጌቲቩ ሲያንስ ፍሰቱ ይበዛል። ከ45 ቮልት ኔጌቲቭ ወደ 50 ኔጌቲቭ ስትወስዱት ቫልቩን አቀዘቀዛችሁት ማለት ነው።

በአብዛኛው ትልልቅ ማጉያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ቫልቮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ሁለት ሰው ግንድ ሲሰነጥቅ አይታችኋል? አንዱ መጋዙን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከዚያ ሌላው ይስባል። አንዱ ጨርሶ እጁን ለቅቆ ሌላው ገና ካልያዘ መጋዙ መሐል ላይ ይንገጫገጫል። ቫልቮቹም እንዲሁ ናቸው። ባያሱ በጣም ከቀዘቀዘ አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁ ደረቅና ሻካራ ይሆናል፤ በተለይ ጊታሩ በቀስታ ሲመታ ይታወቃል። ይህ ጆሮን ያስቀይማል እንጂ ዕቃ አይገድልም። የሚገድለው ተቃራኒው ነው። የዕረፍት ፍሰቱ ሲበዛ ቫልቩ ማንም ሳይጫወት ሲግል ያመሻል። ፕሌቱ እንደ ፍም ይቀላል። በዚያ ሁኔታ ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት ቫልቩን ያበላሻል፤ አንዳንዴም ከቫልቩ ይልቅ የሚከብደውን ትራንስፎርመር ይዞት ይሄዳል።

ባያስ የሚሰጥበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በካቶዱ ሥር ሬዚስተር ማስቀመጥ ነው። ፍሰቱ ሲበዛ በሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልት ይጨምራል፤ ያ ደግሞ መልሶ ፍሰቱን ይገታዋል። ቫልቩ ራሱን በራሱ ይጠብቃል ማለት ነው። አራት ኢኤል84 ቫልቭ ያለው ቮክስ ኤሲ30 በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። የሚዞር ማስተካከያ የለውም። ሁለተኛው ፊክስድ ባያስ ይባላል፤ ኔጌቲቩ ቮልት ለብቻው ተዘጋጅቶ ወደ ግሪዱ ይላካል። ስሙ አሳሳች ነው። «ፊክስድ» ማለት የማይነካ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቫልቭ በተቀየረ ቁጥር መታየት ያለበት ይሄኛው ነው። ትንንሾቹ የመግቢያ ቫልቮች፣ ለምሳሌ 12ኤኤክስ7፣ አብዛኛውን ጊዜ ባያሳቸውን ከካቶድ ሬዚስተራቸው ስለሚያገኙ ሲቀየሩ ምንም መለካት አያስፈልግም።

ወደ መለካቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እንበል፤ ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ባይሰማ ይሻለዋል። የቫልቭ ማጉያ ሰው ይገድላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኮንዴንሰሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከመንካት በፊት 10,000 ኦም፣ 5 ዋት በሆነ ሬዚስተር፣ ሽቦው በደንብ በተሸፈነ፣ ኃይሉን ወደ ብረት አካሉ ማፍሰስ፤ ከዚያ በቴስተር ለክቶ ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ማረጋገጥ ይገባል። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝቶ ብልጭ ማድረግ የሰነፍ ሥራ ነው። ባያስ የሚለካው ደግሞ ማጉያው በርቶ ነው። ስለዚህ የቴስተሩን ሽቦዎች ማጉያው ጠፍቶ እያለ በመቆንጠጫ እሰሩ፤ አንድ እጃችሁ ወደ ኋላ ይሁን፤ ብቻችሁን አትሥሩ። ስፒከር ሳይገጠም ማጉያውን አታብሩ፤ የመውጫውን ትራንስፎርመር ያቃጥለዋል። ይህ ሁሉ የከበደው ሰው ቆቡን ደፍቶ ወደ ባለሙያ ቢወስደው ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለት 6ኤል6ጂሲ ቫልቭ ያለው ማጉያ ይዘናል እንበል። ይህ ቫልቭ በፕሌቱ ላይ የሚችለው ትልቁ ሙቀት 30 ዋት ነው። ለጥንድ አሠራር የዕረፍት ሙቀቱ ከዚያ ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ይደረጋል። 30 በ0.70 ሲባዛ 21 ዋት ነው። ፕሌቱን ስንለካ 430 ቮልት አገኘን። 21 ለ430 ሲካፈል 0.049 አምፒር ገደማ፣ ማለትም 49 ሚሊ አምፒር ይሆናል። ጣሪያው ይህ ነው። በ60 በመቶ ካሰብነው 18 ለ430፣ 42 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው። ኮረንቲው በሚዋዥቅበት ሰፈር እኛ ወደ 42ቱ እናደላለን፤ በድምፅ ላይ የሚጎድለውን ብዙ ሰው አይሰማውም፤ ቫልቩ ግን ዕድሜ ያገኛል።

ፍሰቱን ለመለካት የሚቀለው ዘዴ በእያንዳንዱ ቫልቭ ካቶድ፣ ማለትም በሶኬቱ 8ኛ እግርና በብረት አካሉ መካከል የ1 ኦም ሬዚስተር መበየድ ነው። በ1 ኦም ላይ 1 ሚሊ አምፒር ሲያልፍ 1 ሚሊ ቮልት ይነበባል፤ ማካፈልም ማባዛትም የለም። ቴስተሩ 42 ሚሊ ቮልት ካለ ፍሰቱ 42 ሚሊ አምፒር ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የሁለተኛው ወንፊት ጥቂት ፍሰት ተደምሯል፤ የሚሳሳተው ወደ ደህናው በኩል ስለሆነ ይተው። ማስተካከያውን በቀስታ አዙሩ። ፍሰቱ ሲጨምር የፕሌቱ ቮልት ትንሽ ስለሚወርድ ሁለቱንም ደግማችሁ ለኩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላም እንደገና ተመልከቱ። በሁለቱ ቫልቮች መካከል እስከ 5 ሚሊ አምፒር ያለው ልዩነት አያስጨንቅም።

የግድግዳው ኮረንቲም የራሱ ጣጣ አለው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማጉያ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከሰካችሁት ያው መቃጠሉ ነው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር መካከል ሲገባ ቮልቱ ይስተካከላል፤ ኸርዙ ግን አይለወጥም፤ ለ60 ብቻ የተሠራ የማጉያ ትራንስፎርመር በ50 የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ባያሱን ከማስተካከል በፊት መጀመሪያ ወደ ማጉያው የሚገባውን ቮልት ለኩ። በቀን ዝቅ ብሎ እኩለ ሌሊት ከፍ የሚል ከሆነ በቀኑ ቁጥር ጣሪያው ድረስ መሄድ አይገባም።

ደግሞ ቫልቭ ቢቀያየር የማይድን በሽታ አለ። ምልክቱን ወደ ግሪዱ የሚያሳልፈው ኮንዴንሰር ሲያረጅ ፖዘቲቭ ቮልት ያሾልካል። ያን ጊዜ ኔጌቲቩ ይሸረሸርና ቫልቩ ይግላል። ሦስተኛና አራተኛ ጥንድ ገዝቶ ያቃጠለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለዚህች ርካሽ ኮንዴንሰር ነው። መለያው ቀላል ነው። ሁለቱን ትልልቅ ቫልቮች ነቅላችሁ በሁለቱም ሶኬት 5ኛ እግር ላይ ያለውን ኔጌቲቭ ለኩ። እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ 50 ኔጌቲቭ ሌላው 38 ኔጌቲቭ ካሳየ በ38ቱ በኩል ያለውን ኮንዴንሰር ጠርጥሩ። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ደግሞ የባያሱ መስመር ኮንዴንሰር ደርቆ ይሆናል።

ሣጥኑን የማይከፍተው ተጫዋችስ? እርሱም ዓይን አለው። ማጉያውን በጨለማ ክፍል አብርቶ ከጀርባው ይመልከት። የክሯ ብርቱካንማ ብርሃን ደህና ነው። መስታወቱ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃንም አያስፈራም፤ ብዙ ሰው በእርሱ ይደነግጣል። የብረቱ ግድግዳ ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው ይጥፋ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ብር መሳይ ቅብ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፤ ቫልቩ አልቋል። ከዝግጅት በኋላ ማጉያው ሳይቀዘቅዝ በመኪና ላይ አይወርወር፤ ጀርባውም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይቀመጥ።

ባያስ ያስተካከለ ሰው ደግሞ የለካውን በወረቀት ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ይለጥፍ፤ ቀኑን፣ ወደ ማጉያው የሚገባውን ቮልት፣ የፕሌቱን ቮልት፣ የግራውንና የቀኙን ቫልቭ ሚሊ አምፒር። በሚቀጥለው ዓመት ሣጥኑን የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ሊሆን ይችላል። ግራ 42 የነበረው 58 ሆኖ ካገኘው፣ ከየት መፈለግ እንዳለበት ወረቀቱ ይነግረዋል።