ተማሪ ቢሠራ ምን ይጠቀማል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንቋጨው ተበትነናል። ይኸውም በየግቢያችን ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሥራ ይሥሩ ወይስ አይሥሩ የሚል ነበር። «ብር የቀመሰ ልጅ ደብተሩን ይጥላል» ያሉ አባቶች አሉ። እኛ ደግሞ ይሥሩ ባዮች ነን፤ ግን በልኩ።

የነዚህን ልጆች ኑሮ የማያውቅ የወረኢሉ ሰው የለም። ቅዳሜ አገር ቤት ወርደው፣ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ወይ ሻግቷል ወይ አልቋል። ሽሮው ቢተርፍም የቤት ኪራይ፣ ሳሙናና እስክሪብቶ በሽሮ አይገዛም። አባት በግ ይሸጣል፤ በጉ ያልቃል፣ ዓመቱ ግን አያልቅም። ታዲያ ትምህርቱ በፈረቃ ሆኖ ግማሽ ቀን የሚተርፈው ልጅ ሱቅ ቢጠብቅ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ቢተክል፣ በመኸር ቢያጭድ ምን ነውር አለው? የቆሎ ተማሪስ ቁራሽ በመለመን ብቻ መች ተማረ? ቆብም እየሰፋ ነው እንጂ። አዲስ አበባ ላይ ቀን ሊስትሮ እየሠራ ማታ የተማረውማ ስንቱ ነው!

ጥቅሙ ደግሞ ብሩ ብቻ አይደለም። የማኅበራችንን የመዋጮ መዝገብ በወር ሁለት እሑድ እየመጣች የምትገለብጥልን አንዲት ተማሪ አለች። እኛ ጸሐፊው ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቅን ስለሆንን የሁለት ዓመት ድምር አደባልቀን ኖሯል፤ ያገኘችው እሷ ናት። አፈርን፤ ደስም አለን። ልጅቷም «ፐርሰንት ለምን እንደሚጠቅም አሁን ገባኝ» አለች። የሰው ገንዘብ ቆጥሮ ማስረከብን ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይማሩትም።

ይሁን እንጂ የአባቶች ሥጋት ከንቱ አይደለም። እኛ ራሳችን በልጅነታችን «ለግማሽ ቀን ብቻ» ተብለን ወፍጮ ቤት ገባን። በገበያ ቀን ግማሹ ቀን ሙሉ ሆነ። ቀጥሎ የገበያው ማግሥት ተጨመረ። መምህሩ ስም ሲጠሩ አቤት የሚል ጠፋ፤ በዚያው ቀረን። ደመወዙ ከንቱ ነበር ብለን አንዋሽም፤ እናታችንን አጉርሰንበታል። ሰዓቱን የሚቆጥርልን ሰው ግን አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ሕጉ የሚናገረው ስለ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ ነው፤ ለተማሪ 7 ሰዓት እንኳ ይበዛል። አሜሪካን አገር ለትምህርት የሄደ የውጭ ተማሪ በትምህርት ወቅት በዩኒቨርሲቲው ግቢ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር ሰዓት ከቆጠረ እኛስ?

ስለዚህ ተማሪ ማሠራት የሚፈልግ የማኅበራችን አባል ሰዓቱንና ክፍያውን ልጁ ባለበት ያስመዝግብ። ክፍያው በየሳምንቱ በእጁ ይሰጠው፤ በፈተና ሳምንት ይፈታ። ለዚሁ የሚሆን ደብተር ተገዝቶ ጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አለን።